ፋኖሱ ማንን ይመራል? አጭር የእስያ ፋንታሲን ስለማጣጣም

ፋንታሲ (አስማትና ምናባዊ ዓለም ያለበት ልብ ወለድ) ሲባል ለብዙ አንባቢ ቀድሞ የሚታየው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ከፊቱ ካርታ፣ ከኋላው የስም ዝርዝር፣ በመሃሉ ሰባትና ስምንት መቶ ገጽ። በጥንታዊት ቻይና፣ በጃፓን፣ በኮሪያ ወይም በቬትናም አምሳል በተሠራ ዓለም ውስጥ የሚካሄድ፣ መቶ ገጽ እንደ ነገሩ የሚሞላ ልብ ወለድ ሲገጥመው ታዲያ «ገና ሳልጠግበው አለቀብኝ» ይላል። ቅሬታው ይገባኛል፤ ግን አልቀበለውም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚጣፍጠው ሳይነገር በታለፈው በኩል ነው። ጦርነቱ አይተረክም፤ ከጦርነቱ የተረፈው ስባሪ ማበጠሪያ ይታያል። ንግሥቲቱ አታለቅስም፤ የለበሰችው ግን ነጭ ነው። እነዚህን ምልክቶች መልቀም የለመደ አንባቢ ከአጭሩ መጽሐፍ የሚያገኘው ከወፍራሙ አያንስም፤ እንደኔ እምነት እንዲያውም ይበልጣል።

«አጭር» የሚለው ቃል ልክ አለው። በዘርፉ ስመ ጥር የሆነው የሁጎ ሽልማት ኖቬላ ብሎ የሚቀበለው ከ17,500 እስከ 40,000 ቃል ያለውን ሥራ ነው። በደቂቃ 250 ቃል ገደማ የሚያነብ ሰው ትንሹን በ70 ደቂቃ፣ ትልቁን በ2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በአንድ ምሽት መጨረስ ይቻላል፤ መጨረስም ይገባል። ከእንቅልፍ በፊት አምስት አምስት ገጽ እየቆነጠሩ ማንበብ ለረጅም ልብ ወለድ ይሆን ይሆናል፤ ይህን ግን ይገድለዋል። ጸሐፊው ገጽ 9 ላይ በአንድ ሐረግ ያነሳትን የጃድ (የከበረ ድንጋይ) አምባር ገጽ 94 ላይ ሲመልሳት፣ አንባቢው እንደማይረሳት ተማምኖ ነው፤ ቆም ብሎ «ያቺ አምባር» እያለ አያስታውስም። በመሃል አሥር ቀን ካለፈ አምባሯ ተራ ጌጥ ትሆናለች፤ መጨረሻውም ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። «መጨረሻው አልገባኝም» የሚባልባቸውን መጻሕፍት መለስ ብሎ ላያቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተቆራረጠው ታሪኩ ሳይሆን ንባቡ ነው።

አጭርነቱ የዘመኑ አሳታሚዎች ያመጡት ፋሽን አይደለም። በቻይና ሥነ ጽሑፍ «ጅጓይ» የሚባል፣ እንግዳ ነገሮችን መዝግቦ የማቆየት ልማድ አለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሙታንንና የመናፍስትን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ የሰበሰበው ጋን ባው ሙያው የቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊነት ነበር። ስለ መንፈስ የጻፈው ስለ ነገሥታት በሚጽፍበት ብዕር ነው፤ ስም፣ አገር፣ ዘመን፣ ከዚያ የሆነው ነገር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ፑ ሶንግሊንግ (እ.ኤ.አ. 1640–1715) ወደ 500 የሚጠጉ ተመሳሳይ ታሪኮችን ጻፈ፤ ስብስቡ በእጅ እየተገለበጠ ሲዞር ቆይቶ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1766 ነው። በብዙዎቹ መጨረሻ ላይ «የእንግዳ ነገሮች ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ይላል» ብሎ የራሱን ፍርድ ይጨምራል፤ ስልቱን የወሰደው ከጥንቱ ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ ከሲማ ቺየን ነው።

ዛሬ በሚጻፉ አጫጭር ፋንታሲዎች ውስጥ ተራኪው መዝጋቢ መነኩሴ፣ ጸሐፊ፣ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ ወይም መርማሪ ሆኖ ደጋግሞ የሚመጣው ይህ የዘር ሐረግ ስላለው ይመስለኛል። መዝጋቢ ስሜቱን አያፈስም። ያየውን ይቆጥራል፤ የሰማውን ይጽፋል፤ የማይስማሙ ሁለት ምስክሮችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ይህን ያላወቀ አንባቢ «አተራረኩ ቀዝቃዛ ነው» ይላል። ያወቀው ደግሞ መዝጋቢው ቆጠራውን መቼ እንደሚያቋርጥ ይጠብቃል፤ የዕቃው ዝርዝር መሃል ላይ የተወው፣ «ሌላም አለ» ብሎ ያለፈው ነገር ካለ ልቡ የተነካው እዚያ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ታሪክ ቀረብ ብሎ ማየት ለሌሎቹ ቁልፍ ይሆናል። ቹ ዮው የተባለ ቻይናዊ ደራሲ በ1378 አካባቢ «የኩራዝ ክር እየከረከሙ የሚነገሩ አዳዲስ ወጎች» የሚል ትርጉም ያለው ስብስብ አዘጋጀ። ከወጎቹ አንዱ የፒዮኒ ፋኖስ ታሪክ ነው። ሚስቱ በቅርቡ የሞተችበት ወጣት በሚንግጆው፣ በዛሬዋ ኒንግቦ ይኖራል። በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በአንደኛው ወር 15ኛ ቀን በሚከበረው የፋኖስ በዓል፣ እኩለ ሌሊት አልፎ መንገደኛው ሲሳሳ፣ ጥንድ የፒዮኒ አበባ ያለበት ፋኖስ የያዘች ገረድ ከፊት፣ ቆንጆ እመቤቷ ከኋላ ሆነው በደጁ ያልፋሉ። ወደ ቤቱ ይጋብዛታል። ሲነጋ ትሄዳለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ግማሽ ወር ሊሞላ ሲል ጎረቤቱ ሽማግሌ ተጠራጥሮ ግድግዳውን ይበሳና ያያል፤ ወጣቱ በመብራቱ ሥር ጎን ለጎን የተቀመጠው ፊቱን ከተኳኳለ አጽም ጋር ነው። ወጣቱ ራሱ ሄዶ ሲያጣራ በአንድ መቅደስ ውስጥ የሬሳ ሣጥን ያገኛል። ከሣጥኑ ፊት ያው ፋኖስ ተሰቅሏል፤ ከፋኖሱ ሥር ደግሞ ለሙታን አገልጋይ እንድትሆን የተሠራች፣ ጀርባዋ ላይ ስሟ የተጻፈባት የገረድ አሻንጉሊት ቆማለች።

ስሟ ጀርባዋ ላይ መጻፉን ልብ በሉልኝ። ደራሲው ስለ አስማቱ አንድ መስመር ማብራሪያ ሳይሰጥ በሁለት ፊደል ሁሉን ነገር ነገረን።

ያ ስብስብ ድንበር ተሻገረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ኮሪያዊው ኪም ሺ-ሱፕ ከእሱ ተነሥቶ የራሱን ጻፈ፤ ዛሬ አምስት ታሪኮች ቀርተውልናል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቬትናማዊው ንጉየን ዙ 20 ታሪኮች ያሉትን ስብስብ አዘጋጀ። በ1666 አሳይ ርዮኢ የፒዮኒውን ፋኖስ ወደ ጃፓን አመጣው፤ በ1776 ደግሞ ኡኤዳ አኪናሪ ዘጠኝ ታሪኮች ባሉት መጽሐፉ መንገዱን ቀጠለበት። ማንም የቻይናውን ቀድቶ አላስቀመጠም። ጃፓናዊው አሳይ ያደረገውን ብቻ እንይ። ሌሊቱን ከፋኖስ በዓል አንሥቶ፣ የሞቱ ሰዎች ነፍስ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ተብሎ በሚታመንበት በኦቦን በዓል፣ በሰባተኛው ወር 15ኛ ቀን ላይ አደረገው። የተለወጠው ቀን ነው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ሆነ። በኒንግቦ የሴቲቱ ፋኖስ ከሺህ ፋኖሶች አንዱ ስለሆነ ይደብቃታል፤ አንባቢውም እንደ ወጣቱ ይታለላል። በኦቦን ሌሊት ያው ፋኖስ ገና ከሩቅ ሲታይ ንግር ነው፤ አንባቢው ሙታን የሚመጡበት ሌሊት መሆኑን ያውቃል፣ ወጣቱ አያስተውልም፣ ልብ ሰቀላው ከዚህ ልዩነት ይወለዳል። አንድም ገጽ አልተጨመረም።

ስለዚህ በእስያ አምሳል የተሠራ አጭር ፋንታሲ ሲከፈት መጀመሪያ የሚያዘው ቀኑና ሰዓቱ ነው። የጨረቃ አቆጣጠር ባለበት ዓለም ወር 29 ወይም 30 ቀን ነው፤ በ1ኛው ቀን ጨረቃ የለችም፣ በ15ኛው ሙሉ ናት። «በወሩ መጨረሻ ሌሊት ከግቢው ወጣች» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨለማ መሆኑን ነግሮናል፤ ጠባቂዎቹ ለምን እንዳላዩዋት ሌላ ማብራሪያ አያሻም። በ15ኛው ሌሊት የሚሸሽ ሰው ካለ ደግሞ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ መታየት ፈልጓል። ይህ አቆጣጠር ከፀሐይ ዓመት እንዳይርቅ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ ተጨማሪ ወር ይገባበታል፤ አንዳንድ ጸሐፊ ይህን ትርፍ ወር መናፍስት የሚፈነጩበት፣ ሕግ የላላበት ጊዜ አድርጎ ይጠቀምበታል። ቀኑ በ12 ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓታችንን ይይዛል። የአይጥ ሰዓት የሚባለው እኩለ ሌሊትን መሃል አድርጎ ግራና ቀኙ አንዳንድ ሰዓት ነው። ሌሊቱ ብቻውን ደግሞ በአምስት የጥበቃ ተራ ተከፍሎ በከበሮ ወይም በቃጭል ይታወጃል፤ ሦስተኛው ተራ እኩለ ሌሊት ላይ ይውላል። «ሊ» የምትባለው የርቀት መለኪያ በየዘመኑ ብትለያይም ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ብሎ መያዝ ለንባብ ይበቃል፤ «አንድ ሺህ ሊ» ሲባል ግን ብዙ ጊዜ «እጅግ ሩቅ» ማለት ስለሆነ ሒሳብ መሥራት አያስፈልግም።

ከመቼት ቀጥሎ አጠራር ይመጣል። የቤተሰብ ስም ከፊት፣ የራስ ስም ከኋላ ነው፤ ይህን ያልያዘ አንባቢ ወንድማማቾችን አንድ ሰው አድርጎ እስከ መጨረሻው ሊሄድ ይችላል። አንድ ገጸ ባሕርይ ሕዝብ ፊት በማዕረጉ፣ በጓደኞቹ መካከል በሌላ ስም፣ በእናቱ አፍ ደግሞ በሕፃንነት ስሙ ይጠራል፤ «ታላቅ ወንድሜ» የሚባለውም የሥጋ ወንድም ላይሆን ይችላል፣ አብሮ አንድ መምህር ሥር የተማረ ሊሆን ይችላል። በአጭር ልብ ወለድ ውስጥ የግንኙነት ለውጥ የሚታየው በአጠራር ነው። እስከ ገጽ 60 «ጄኔራል» ስትለው የነበረች ሴት አንድ ጊዜ ብቻ በስሙ ከጠራችው፣ የፍቅር ትዕይንቱ ያ ነው፤ ሌላ አይጠበቅ። የንጉሠ ነገሥቱን የራስ ስም መጥራትም መጻፍም በብዙ ሥርወ መንግሥት ነውር ነበርና፣ አንድ አሮጊት አገልጋይ ስሙን ከጠራች ከአመፅ አታንስም።

ዕቃዎቹም እንዲሁ ማዕረግ ይናገራሉ። በቻይና በሚንግና በቺንግ ሥርወ መንግሥታት ዘመን ባለ አምስት ጥፍር ዘንዶ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነበር፤ ከታች ያሉት መኳንንት አራት ጥፍር ነበራቸው። ስለዚህ በአንድ የተቀበረ ካባ ላይ የዘንዶው ጥፍር ቁጥር ከተጠቀሰ ጸሐፊው ስለ ጥልፍ አያወራም፤ ካባው የማን እንደነበር እየነገረን ነው። ገዥ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ይቀመጣል። ነጭ የሐዘን ልብስ ነው፤ ቀይ የሠርግ። በሠርግ ቀን ነጭ ለብሳ የመጣች ሙሽራ ምን እያለች እንደሆነ አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሰምተዋል፤ አንባቢውም መስማት አለበት።

በዚህ ዘርፍ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደስተኝ አስማቱ የቢሮ ሥራ መሆኑ ነው። በቻይና ባህል ሰማይም ሲኦልም እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፤ እያንዳንዱ ከተማ ሹም የሆነ የራሱ አምላክ አለው፣ የሙታን ዓለም ፍርድ ቤትና ጸሐፊ አለው፣ የሰው ዕድሜ መዝገብ ላይ ተጽፏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፈው «የምዕራቡ ጉዞ» የዝንጀሮዎቹ ንጉሥ ከሞት ያመለጠው በጡንቻው ሳይሆን መዝገቡን አስቀርቦ ስሙን በቀለም ሰርዞ ነው። የፒዮኒው ፋኖስ የቻይና ቅጂም ያለቀው በችሎት ነው፤ አንድ የዳኦ እምነት መነኩሴ ሦስቱን መናፍስት (ወጣቱም በመጨረሻ ሞቶ ከእመቤቲቱና ከገረዷ ተቀላቅሏል) አስይዞ እያንዳንዳቸውን የእምነት ቃል ያስጽፋቸዋል፣ ከዚያ ፍርዱ ይነበባል። አሳይ ወደ ጃፓን ሲያመጣው ይህን ክፍል ትቶታል። ይህን የወረሰ ጥሩ የዘመኑ ኖቬላ ጀግናው በሰይፍ ሳይሆን በአቤቱታ፣ በማኅተም፣ በሐሰት በተሞላ ቅጽ ሲያሸንፍ ያሳያል። ድሃው ተማሪ በፈረሰ መቅደስ ውስጥ በኩራዝ ሲያጠና መንፈስ የሚመጣበት የተለመደ አጀማመርም ከዚሁ ይመነጫል። እ.ኤ.አ. ከ605 እስከ 1905 የዘለቀው የመንግሥት ፈተና ወጣቶችን ከቤታቸው አውጥቶ በየመንገዱ ያሳድር ነበር፤ ፑ ሶንግሊንግ ራሱ የክፍለ ሀገሩን ፈተና ደጋግሞ ወድቋል። በታሪኮቹ ውስጥ ፈታኞች ለምን እንዲያ እንደሚወቀሱ መገመት አይከብድም።

አሁን ብዙ አንባቢ የሚሰናከልበት ነገር ላይ ልድረስ፦ ሴራው። ግጭት ተነሥቶ፣ ተካርሮ፣ በፍልሚያ የሚፈታ ታሪክ የለመደ ሰው እስከ ገጽ 70 «ምንም አልተፈጠረም» ይላል። ከቻይና ግጥም ተነሥቶ በኮሪያና በጃፓንም የታወቀ ባለ አራት ክፍል አካሄድ አለ፤ ማስገባት፣ ማስቀጠል፣ ማዞር፣ ማገናኘት። አራት ስንኝ ባለው ግጥም እያንዳንዱ ስንኝ አንዱን ሥራ ይሠራል። በሦስተኛው ከፊተኞቹ ጋር ምንም የማይገናኝ የሚመስል ነገር ይመጣል፤ አራተኛው ሁለቱን ያስታርቃል። ግጭት ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ባለ 120 ገጽ መጽሐፍ በዚህ መንገድ ከተሠራ መዞሪያው ከገጽ 60 እስከ 90 ባለው ውስጥ ይመጣል፤ ጀግናዋ በድንገት ትጠፋና የአንድ ጨው ነጋዴ ታሪክ ይጀምራል፣ ወይም እስካሁን የሰማነውን ያው ታሪክ ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ያወራዋል። እዚህ ላይ መዝለል ትልቁ ጥፋት ነው። ገጹን እያገላበጡ «ወደ ዋናው ታሪክ መቼ ይመለሳል?» ከማለት ይልቅ፣ አዲሱ ክፍል ከፊተኛው ምን ዕቃ፣ ምን ቀን፣ ምን ስም ይዞ እንደመጣ መፈለግ ነው። አንድ የጋራ ነገር አይጠፋም፤ እሱ ከተገኘ የመጨረሻዎቹ ሠላሳ ገጾች በራሳቸው ይከፈታሉ።

ሁሉም መጽሐፍ ግን ይህን ድካም አይገባውም። የደከመውን ከመጀመሪያዎቹ 15 ገጾች መለየት ይቻላል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ አሥርና አሥራ ሁለት የተፈጠሩ ቃላት በላይ በላይ ከተደረደሩ፣ ጸሐፊው ለረጅም ተከታታይ ያዘጋጀውን ዓለም ጠባብ ሣጥን ውስጥ እየጠቀጠቀ ነው። ሎተስ፣ ዘንዶ፣ የቼሪ አበባና የሐር መጋረጃ በአንድ ገጽ ከተሰበሰቡና አንዳቸውም ሥራ ካልሠሩ ጌጥ ናቸው። የቻይና ፈተና፣ የጃፓን ሰይፍና የኮሪያ ቀበሮ ያለምንም ምክንያት አንድ ከተማ ውስጥ ሲገናኙም እንዲሁ። መቀላቀሉ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ የፋኖሱ ታሪክ ራሱ ተጓዥ ነው። ግን ማን አመጣው? በየትኛው ንግድ፣ በየትኛው ወረራ፣ በየትኛዋ ሙሽራ ጥሎሽ? ጥሩ ጸሐፊ በአንድ ሐረግ ይመልሰዋል። ሌላው የተለመደ ውድቀት መጨረሻው ላይ ነው፤ ለሚቀጥለው ቅጽ ማስታወቂያ ሲባል መዞሪያው የከፈተው ሳይዘጋ ይቀራል። ዘርፉ ዘጠኝ ጅራት ያላትን ቀበሮ ወይም የወንዙን ዘንዶ ደጋግሞ ማምጣቱ አያሳስበኝም፤ እሷን ያመጣበት ሰዓት ትክክል ከሆነ አሮጌ አትሆንም።

ለንባቡ የሚያስፈልገው ዝግጅት ትንሽ ነው። አንድ ወረቀት በሁለት ተከፍሎ በግራው ስምና ማዕረግ፣ በቀኙ ዕቃና ቀን ከተጻፈ ይበቃል፤ ከ20 መስመር አይዘልም። የማይታወቅ ቃል ሲመጣ በመጀመሪያዎቹ 15 ገጾች ፍለጋ አለመውጣት ይሻላል፤ አብዛኛው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አጠቃቀም ራሱን ያብራራል፣ በየመስመሩ መቆም ግን የዓረፍተ ነገሩን ዜማ ይሰብራል። ከፊት የገጸ ባሕርያት ዝርዝር ካለ በጥንቃቄ ነው፤ «ኋላ እቴጌ የሆነችው» ብሎ የሚጀምር ዝርዝር የመጽሐፉን ግማሽ ልብ ሰቀላ ያጠፋል። በድምፅ ቅጂ የሚሰማ ሰው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ስሞች ለመለየት ይቸገራልና፣ ከመጀመሩ በፊት የስሞቹን ጽሕፈት አንድ ጊዜ ማየቱ ይረዳዋል። በስልክ ወይም በታብሌት ለሚያነብ ደግሞ የፍለጋ ሳጥኑ ትልቅ መሣሪያ ነው፤ መጨረሻ ላይ ጎልቶ የወጣውን ዕቃ ስም ጽፎ የመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀሰበትን ገጽ ማየት ነው። ከዚያ የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንደገና ማንበብ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለረጅም ልብ ወለድ ማንም የማያደርገው ነገር እዚህ ቀላል ነው፣ ጸሐፊውም ያንን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ እንዲነበብ አድርጎ ጽፎታል።

በአንድ ዓለም ውስጥ ብዙ አጫጭር መጻሕፍት ካሉ አብዛኞቹ ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ ከየትኛውም መጀመር ይቻላል፤ ተራኪው አንድ ከሆነ ግን የታተሙበትን ቅደም ተከተል መከተል እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም የመዝጋቢው እርጅናና ኪሳራ የሚታየው በቅጾቹ መካከል ነው። ከኖቬላው ወደ ምንጩ መሄድ ለሚፈልግ የፑ ሶንግሊንግ ታሪኮች በብዙ ቋንቋ ተተርጉመዋል፤ ሙሉውን ከመግዛት የተመረጡትን ይዞ፣ በቀን አንድ፣ ከሦስት አራት ገጽ ከማይበልጡት መጀመር ይሻላል። አንዳንዶቹ ከአንድ አንቀጽ አያልፉም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሮጥ ደግሞ ሁሉንም አንድ ያስመስላቸዋል።